ሳይጠየቅ የታደሰ ክፍያ፣ ቀጥሎም የዕዳ ሰብሳቢ ስልክ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ዝርዝር መመሪያ

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የስፖርት ቤቱ ወይም የአንድ መተግበሪያ ደንበኝነት ሳይጠየቅ ለሌላ ዓመት ይታደሳል። ሰውዬው ይናደዳል፤ ባንክ ሄዶ ካርዱን ያዘጋል፤ ተገላገልኩ ብሎ ይረሳዋል። ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ ከማያውቀው ቁጥር ይደወልና «412 ዶላር አለብዎት፤ ዛሬ ካልከፈሉ...» ይባላል። ወይ ደንግጦ «እሺ፣ በየወሩ 50 እከፍላለሁ» ይላል፤ ወይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘግቶ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፍት ይጥላል። ሁለቱም ያስከፍላሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ፍርድ ቤት ድረስ ያደርሳል።

ለዘመድና ለጎረቤት እንዲህ ላለው ነገር የመቃወሚያ ደብዳቤ ስጽፍ ዓመታት ተቆጥረዋል። የማየው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በስልክ መጨቃጨቅ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ጉዳዩን ከስልክ አውጥቶ ወረቀት ላይ ለማስፈር ነው። የፌዴራሉ ሕግ በሁሉም ግዛት ይሠራል። በግዛት ሕግ ላይ ግን ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲና ከቨርጂኒያ ናቸው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

አንድ የወረቀት አቃፊና አንድ ደብተር ይግዙ። አቃፊው ውስጥ ውሉን፣ የመመዝገቢያውን ኢሜይል፣ ገንዘቡ የተቆረጠበትን የባንክ መግለጫና የመጣ ፖስታ ሁሉ ከነኤንቨሎፑ ያስቀምጡ። ኤንቨሎፑ ላይ ያለው ማህተም ደብዳቤው መቼ እንደተላከ ይመሰክራል። ደብተሩ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ስልክ ቀን፣ ሰዓት፣ የደዋዩን ስምና የተባለውን ይጻፉ።

ቀን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። አሜሪካኖች ወርን ያስቀድማሉ፤ 03/07 ማለት የመጋቢት አካባቢው ማርች 7 እንጂ ጁላይ 3 አይደለም። በዚህ ብቻ የመቃወሚያ ጊዜው ያለፈበት ሰው አውቃለሁ። ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ለጥፎ፣ ገና አራት ወር አለኝ ብሎ ተረጋግቶ ነበር።

ክፍል አንድ፦ እድሳቱን ማስቆም

1. ደንበኝነቱን ከየት እንደገዙ ይለዩ

መተግበሪያውን ከስልክዎ ማጥፋት ደንበኝነቱን አያቋርጥም። መሰረዝ ያለብዎት በተመዘገቡበት በር ነው።

በአይፎን ላይ ከሆነ «ሴቲንግስ» ይክፈቱ፣ ከላይ ያለውን ስምዎን ይጫኑ፣ «ሰብስክሪፕሽንስ» የሚለውን ይምረጡ። በአንድሮይድ ላይ ከሆነ የጉግል ፕሌይ መደብርን ከፍተው ፎቶዎን ይጫኑ፤ «ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ» የሚል ያገኛሉ። ሁለቱም ጋ ካጡት ከድርጅቱ በቀጥታ፣ ወይም በፔይፓልና በአማዞን በኩል ገዝተውታል ማለት ነው። የባንክ መግለጫዎ ላይ ክፍያው አጠገብ የተጻፈው ስም ይነግርዎታል።

2. ይሰርዙ፣ የሰረዙበትንም ማስረጃ ይያዙ

የመሰረዣውን ገጽ ሲከፍቱ ልመና ይጀመራል፦ «ሦስት ወር በግማሽ ዋጋ»፣ «እርግጠኛ ነዎት?»፣ «ለጊዜው እናቁመው?» ለጊዜው ማቆም መሰረዝ አይደለም። ጊዜው ሲያልቅ ክፍያው በራሱ ይቀጥላል። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ይሂዱ፤ «ደንበኝነትዎ ተሰርዟል» የሚለውን ገጽ ፎቶ ያንሱ። የማረጋገጫ ኢሜይል በአንድ ቀን ውስጥ ካልመጣ እንዳልተሰረዘ ይቁጠሩትና እንደገና ይግቡ።

መንገዱ ቢጠፋብዎ ጥፋቱን በራስዎ ላይ አያድርጉ። በሴፕቴምበር 2025 አማዞን ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በነበረው ክስ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኮሚሽኑ የከሰሰው ሰዎችን ሳይፈቅዱ የፕራይም አባል በማድረግና መውጫውን በማወሳሰብ ነው። ከገንዘቡ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «በአንድ ጠቅታ መሰረዝ ሕግ ሆኗል» የሚል ወሬ አሁንም ይዞራል። ኮሚሽኑ በ2024 ያወጣውን ያን ደንብ የይግባኝ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሽሮታል። በክርክር ላይ እርሱን አይጥቀሱ። ያልተሻረው የ2010ሩ የፌዴራል ሕግ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጥና በራሱ የሚታደስ አገልግሎት ውሉን በግልጽ እንዲያሳይ፣ ፈቃድዎን እንዲያገኝና ቀላል የማቋረጫ መንገድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ካሊፎርኒያና ዲሲም የራሳቸው የእድሳት ሕግ አላቸው።

ስፖርት ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚገዛው የፈረሙት ውል ነው። ብዙዎቹ ውሎች በስልክ መሰረዝን አይቀበሉም፤ በአካል ወይም በአደራ ደብዳቤ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ የ30 ቀን ማስታወቂያም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ አንድ ክፍያ ሊቆረጥ ይችላል፤ ለእርሱ አይጣሉ። ታመው ከሆነ ወይም ሩቅ ቦታ ተዛውረው ከሆነ ግን በብዙ ግዛቶች ውሉን ሳይቀጡ የሚያፈርሱበት መብት አለ። የሐኪም ወረቀት ወይም የአዲሱን ቤት የኪራይ ውል ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ያያይዙ።

እኔ ራሴ የተያዝኩት በዚህ ነው። ከፊት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ልጅ «ሰርዤልዎታለሁ» አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። ወረቀት አልጠየቅኳትም። ከሰባት ወር በኋላ ኮሌክሽን ገባሁ፣ ማለትም ዕዳው ለሰብሳቢ ተሰጠብኝ፤ ልጅቷም ሥራ ለቅቃ ሄዳለች።

3. ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ባንክ ይሂዱ

ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ሳይሰርዙ ክፍያ ማስቆም ውሉን አያፈርሰውም፤ በየወሩ ያልተከፈለ ሂሳብ ይከማችና ለሰብሳቢ ይሰጣል። ካርድ መቀየርም ዋስትና አይደለም። ቪዛና ማስተርካርድ አዲሱን የካርድ ቁጥር ለነጋዴው በራሱ የሚያቀብል አሠራር አላቸው።

ክፍያው ከዴቢት ካርድ ወይም ከባንክ ሂሳብ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ከመቆረጫው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድመው «ስቶፕ ፔይመንት» ብለው ባንኩን ያዝዙ። በቃል ካዘዙ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ ካላረጋገጡ ትእዛዙ ይወድቃል። ባንኮች ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ያስከፍላሉ።

4. የተወሰደውን ለማስመለስ 60 ቀን አለዎት

በመጀመሪያ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አንድ ሳምንት ይስጡት። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ወደ ካርዱ ባንክ ይሂዱ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የተሳሳተው ክፍያ ያለበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ፣ ለክፍያ ጥያቄ በተለየው አድራሻ በጽሑፍ ይቃወሙ። የመክፈያው አድራሻ ሌላ ነው፤ መግለጫው ጀርባ ላይ ሁለቱም አሉ። ባንኩ ደብዳቤዎን መቀበሉን በ30 ቀን ማሳወቅ፣ ጉዳዩን ደግሞ በሁለት የክፍያ ዙር፣ ቢበዛ በ90 ቀን መጨረስ አለበት። እስከዚያ የተቃወሙትን መጠን መክፈል አይጠበቅብዎትም፤ የቀረውን ግን ይክፈሉ።

በዴቢት ካርድም ገደቡ 60 ቀን ነው። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን መርምሮ መልስ ይሰጣል፤ ጊዜ ካስፈለገው ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶልዎት እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። «ተመለሰልኝ» ብለው ወዲያው አያጥፉት፤ ምርመራው ካልቀናዎት መልሶ ይቆረጣል።

ሲቃወሙ «አላስፈልግ አለኝ» አይበሉ። «በዚህ ቀን ሰርዣለሁ፣ ማስረጃው ይኸው፣ ከዚያ በኋላ ያለፈቃዴ ተቆረጠ» ይበሉ።

ክፍል ሁለት፦ ሰብሳቢው ሲደውል

5. የመጀመሪያውን ስልክ በሁለት ደቂቃ ይጨርሱ

ሰብሳቢው የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ሰውዬው እርስዎ መሆንዎን፣ ዕዳው የእርስዎ መሆኑን ማመንዎን፣ የባንክ ቁጥርዎን። አንዱንም አይስጡ። ንግግሩ እንዲህ ይሁን፦

— ወይዘሮ እገሌ ነዎት? የልደት ቀንዎን ያረጋግጡልኝ።
— ማን ነው የሚናገረው? የድርጅትዎ ሙሉ ስምና የፖስታ አድራሻ?
— ስለ ግል ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ የልደት ቀን...
— በስልክ ምንም አላረጋግጥም። የሚሉት ካለ በደብዳቤ ላኩልኝ።
— ዛሬ 50 ዶላር ብቻ ቢከፍሉ ነገሩን ማዘግየት እንችላለን።
— በደብዳቤ ላኩልኝ። ደህና ይዋሉ።

እንግሊዝኛዎ ቢያስቸግርዎ ልጅዎን አያስተርጉሙት። ልጅ ሰው ላለማስቀየም «ዬስ» ይላል፤ ያ «ዬስ» መዝገብ ላይ ይገባል። «ሌተር ፕሊዝ» ብለው ቢዘጉ በቂ ነው።

50 ዶላር ከፍሎ መገላገል ይቻላል ብለው አያስቡ። ዕዳው ካረጀ፣ በአንዳንድ ግዛቶች ትንሽ ክፍያ ወይም በጽሑፍ ማመን የመክሰሻውን ጊዜ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል።

ስልኩን መቅዳት ለሚያስቡ፦ በዲሲና በቨርጂኒያ የራስዎን ንግግር መቅዳት ይችላሉ። በሜሪላንድ፣ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ግዛት ግን ሌላው ወገን ካልፈቀደ ወንጀል ነው። የድምፅ መልእክት ትቶልዎት ከሆነ ያንን አያጥፉት፤ የተወው ራሱ ነው።

6. አጭበርባሪ መሆኑን ይፈትሹ

በስጦታ ካርድ፣ በዜል ወይም በሐዋላ ዛሬውኑ እንዲከፈል የሚጠይቅ ሰው ሰብሳቢ ሳይሆን ሌባ ነው። አድራሻውን የማይሰጥም እንዲሁ። «ፖሊስ ልንልክ ነው»፣ «ግሪን ካርድዎ ይሰረዛል» የሚል ካለ ደግሞ ሌባም ይሁን እውነተኛ ሰብሳቢ፣ ሕግ ጥሷል። የስፖርት ቤት ዕዳ አያሳስርም፤ ከአገርም አያስወጣም። ሊፈጸም የማይችል ነገር እያነሱ ማስፈራራት በ1977 በወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ የተከለከለ ነው። ያው ሕግ የሚከለክላቸው ሌሎችም፦

ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ መደወል፤ ይህ በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ ወደ እኛው አይቀይሩት፣ ሰዓትዎ ላይ ያለውን ይመልከቱ። አሠሪዎ እንደማይፈቅድ ሰብሳቢው እያወቀ ሥራ ቦታ መደወል። ለጎረቤት፣ ለአለቃ፣ ለዕቁብ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሰው ዕዳዎን መንገር። መሳደብ። በአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወል፣ ወይም በስልክ ካነጋገሩዎት በኋላ 7 ቀን ሳይሞላ እንደገና መደወል እንደ ማዋከብ ይቆጠራል፤ ይህ ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ በደንብ ላይ ሰፍሯል። በጽሑፍ መልእክትና በኢሜይል የሚልኩ ከሆነ ማቆሚያ መንገድ ማስቀመጥ አለባቸው።

ይህ ሕግ የሚገዛው በዋናነት ለሌላ የሚሰበስቡትን ነው። ስፖርት ቤቱ ራሱ ሲደውል በአብዛኛው አይነካውም፤ ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ግን በግዛት ሕጋቸው ባለገንዘቡንም ይይዛሉ። የንግድ ዕዳም በፌዴራሉ ሕግ አይሸፈንም።

7. በ30 ቀን ውስጥ የመቃወሚያ ደብዳቤ ይላኩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያደርጉ ከሆነ ይህንን ያድርጉ።

ሰብሳቢው በመጀመሪያ ካገኘዎት በ5 ቀን ውስጥ የዕዳ ማሳወቂያ መላክ አለበት። ወረቀቱ ላይ ባለገንዘቡ ማን እንደሆነ፣ ዋናው ዕዳ፣ ወለዱና ክፍያዎቹ በዝርዝር ይቀመጣሉ። መቃወሚያው የሚያበቃበት ቀንም በቁጥር ተጽፏል። ግርጌው ላይ የሚቀደድ ቁራጭ አለ፤ «ይህ የእኔ ዕዳ አይደለም»፣ «መጠኑ ስህተት ነው»፣ «ሌላ» የሚሉ ሳጥኖች አሉበት። ሳጥኑን ምልክት አድርጎ መላክ ብቻውን ይበቃል። እኔ ግን አጭር ደብዳቤ እጨምራለሁ።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ሰዋስዉ ቢሳሳት የሚጎዳው ነገር የለም። ይዘቱ ይህ ነው፦

«ቀን ____። ለ ____ ድርጅት። የመዝገብ ቁጥር ____።
ይህን ዕዳ እቃወማለሁ። ደንበኝነቱን በ ____ ቀን ሰርዣለሁ፤ የማረጋገጫው ቅጂ ተያይዟል። ዕዳ አለ የምትሉ ከሆነ የፈረምኩትን ውል፣ ክፍያው በየወሩ እንዴት እንደተደመረ የሚያሳይ ዝርዝርና የዋናውን ባለገንዘብ ስምና አድራሻ ላኩልኝ። ከእኔ ጋር የምትገናኙት በፖስታ ብቻ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ዕዳውን ማመን አይደለም።»

የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር አይጻፉ። የባንክ ቁጥር አይጻፉ። ስለ ኑሮዎ፣ ስለ ሕመምዎ፣ ስለ ልጆችዎ አይተርኩ፤ ሰብሳቢ አያዝንም፤ የጻፉትን ግን ይጠቀምበታል።

ደብዳቤውን ወደ ፖስታ ቤት ይውሰዱና በመስኮቱ «ሰርቲፋይድ ሜይል፣ ሪተርን ሪሲት» ይበሉ። አረንጓዴ ካርድ ይሰጥዎታል፤ አድራሻዎን ጽፈው ኤንቨሎፑ ላይ ይለጥፉታል። ሰብሳቢው ቢሮ ሲደርስ ተቀባዩ ይፈርምበታል፤ ካርዱም ተመልሶ በፖስታ ሳጥንዎ ይገባል። ያቺ አረንጓዴ ካርድ ከሁሉም ወረቀትዎ ውድ ናት። ከደብዳቤው ቅጂ ጋር በስቴፕለር ያያይዟት።

ቢዘገዩስ? ከ30 ቀን በኋላም ይጻፉ። ሰብሳቢው መሰብሰቡን የማቆም ግዴታ አይኖርበትም፤ ዕዳውን የሰዎችን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት የክሬዲት ድርጅቶች ሲያሳውቅ ግን «በክርክር ላይ ያለ» ብሎ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ማሳወቂያው ጭራሽ ካልመጣ? አድራሻ ቀይረው ይሆናል። የቀድሞ ቤትዎን ፖስታ በፖስታ ቤት ያስዞሩ፤ የሰብሳቢውን አድራሻ ፈልገውም ያንኑ ደብዳቤ ይላኩ።

8. ዕዳው የሌላ ሰው ከሆነ

ይህ በእኛ ሰው ላይ ከሌላው ይበዛል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአባት ስማችን በአሜሪካ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ ተስፋዬ፣ ከበደ፣ መኮንን የሚባል ስንት አለ? አንዱ ስም በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። በዚያ ላይ በስደት የገቡ ብዙዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስምና ልደት አንድ ሲሆኑ የአንዱ ዕዳ ሌላው መዝገብ ውስጥ ይገባል።

በደብዳቤው ላይ «የእኔ ዕዳ አይደለም» የሚለውን ብቻ ይጻፉ፤ ያንን አድራሻ ወይም ስልክ ኖረውበት ወይም ይዘውት የማያውቁ ከሆነ እርሱንም ይጥቀሱ። ሰብሳቢዎቹ ቁጥርዎን እንዲያረጋግጡ ቢጠይቁዎ የማኅበራዊ ዋስትናውን የመጨረሻ አራት አኃዞች እነርሱ በጽሑፍ ይንገሩዎት እንጂ እርስዎ አይንገሩ። ስሙ የተሰረቀበት ሰው ከሆኑ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኩል የማንነት ስርቆት ሪፖርት ይሙሉ።

9. ከደብዳቤው በኋላ

ደብዳቤውን በ30 ቀኑ ውስጥ ከላኩ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ መደወልም መሰብሰብም አይችልም። ከዚህ በኋላ ሦስት ነገር ይሆናል። ዝም ይላል፤ ትንንሽ ዕዳ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ወይም ወረቀት ይልካል፤ መጠኑን ከውሉ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩ፤ ከሰረዙ በኋላ የተደመሩትን ወራት ያስምሩባቸው። ወይም ምንም ሳይልክ መደወሉን ይቀጥላል፤ ይህ ጥሰት ነው፤ ደብተርዎ ላይ ይመዝግቡ።

ጨርሶ እንዳይደውል ከፈለጉ «ከእኔ ጋር መገናኘት አቁሙ» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ አለ፤ ሕጉ ያስገድደዋል። ነገር ግን ዕዳውን አያጠፋውም፤ አንዳንዴ ለሰብሳቢው የሚቀረው መክሰስ ብቻ ይሆናል። መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ቸኩለው አይላኩት።

10. የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ

መደበቅ አይሆንም። ካልቀረቡ ፍርዱ በሌሉበት ይሰጣል፤ ከዚያ ከደመወዝ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ሊቆረጥ፣ የባንክ ሂሳብም ሊያዝ ይችላል።

በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ከመጥሪያው ጋር «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንሽን ቱ ዲፌንድ» (ክሱን እከላከላለሁ ብሎ ማሳወቂያ) የሚል ቅጽ ይመጣል። በ15 ቀን ውስጥ ሞልተው ለፍርድ ቤቱ ይመልሱ። በቨርጂኒያ ደግሞ ወረቀቱ «ዋራንት ኢን ዴብት» ይባላል። ስሙ የእስር ማዘዣ ይመስላል፤ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ የተጻፈው ቀን ላይ መቅረብ ግን ግድ ነው። አስተርጓሚ ከፍርድ ቤቱ በነጻ ይጠየቃል፤ ከቀጠሮው ብዙ ቀን አስቀድመው ቅጹን ያስገቡ።

ዕዳው መቼ ክፍያ እንደቆመበት ያስሉ። በሜሪላንድና በዲሲ ለተራ ውል መክሰሻው 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ ለተፈረመ ውል 5 ዓመት ነው። ጊዜው ባለፈ ዕዳ መክሰስ ወይም እከሳለሁ ማለት ለሰብሳቢ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ዳኛው በራሱ አያነሳልዎትም፤ «ጊዜው አልፏል» ብለው እርስዎ መናገር አለብዎት። የሜሪላንድ ሊጋል ኤይድ፣ የዲሲ ሊጋል ኤይድ፣ የሰሜን ቨርጂኒያ ሊጋል ሰርቪስስ ገቢው አነስተኛ ለሆነ በነጻ ይረዳሉ።

ከተፈረደ በኋላም ፍርድ ቤት ለጥያቄ ከጠራዎት ይቅረቡ። በዕዳ አይታሰሩም፤ የፍርድ ቤትን ትእዛዝ በመናቅ ግን ችግር ሊመጣ ይችላል።

11. አቤቱታና የክሬዲት ሪፖርት

አቤቱታ ለሦስት ቦታ ያስገቡ፦ ለሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለግዛትዎ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ። የመጀመሪያው ቢሮ አቤቱታውን ለድርጅቱ ያስተላልፋል፤ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ይመልሳሉ። ከ2025 ወዲህ ቢሮው አቅሙ ተዳክሟልና በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። በዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ መብት ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ እንዲያስተናግዱዎ ይጠይቁ፤ ያፍሩ ዘንድ አልተጻፈም።

ሕግ የጣሰን ሰብሳቢ ከጥሰቱ ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ ይችላሉ። ከደረሰብዎ ጉዳት በተጨማሪ እስከ 1,000 ዶላር ይፈረዳል፤ ካሸነፉ የጠበቃውን ክፍያ ሰብሳቢው ይሸፍናል። በዚህ ምክንያት እጅ በእጅ ሳይጠይቁ የሚቀበሉ ጠበቆች አሉ። ደብተርዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

የክሬዲት ድርጅቶቹን፣ የኢክዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንንና የትራንስዩኒየንን፣ ሪፖርት በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። ስህተት ካዩ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይቃወሙ፤ በአብዛኛው በ30 ቀን መርምረው ይመልሳሉ። ኮሌክሽን የገባ ዕዳ መጀመሪያ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ብቻ ይቆያል፤ ለሌላ ሰብሳቢ በመሸጡ ያ ቀን አይታደስም።

12. ዕዳው በእርግጥ የእርስዎ ከሆነ

ከፊሉ የእርስዎ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ሳይሰርዙ የቆዩባቸው ሁለት ወራት። እንግዲያውስ ይደራደሩ፤ ሰብሳቢዎች በቅናሽ መጨረስ ይወዳሉ። ያልዎትን ገንዘብ በሙሉ መጀመሪያ አይጥሩ፤ ዝቅ ብለው ይጀምሩ። የተስማሙበትን መጠን፣ «በዚህ ክፍያ ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል» ከሚል ቃል ጋር በጽሑፍ ሳይልኩልዎ አንድ ዶላር አይክፈሉ። ሲከፍሉም በባንክ የተቆረጠ ቼክ ይሁን፤ የሂሳብ ቁጥርዎን ከያዙ ከተስማሙበት በላይ ሊቆርጡ ይችላሉ።

ከከፈሉ በኋላ አቃፊውን አይጣሉ። የተዘጋ ዕዳ በስህተት ከሌሎች ጋር ተጠቅልሎ ለሌላ ሰብሳቢ ይሸጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ድርጅት ስም ስልክ ቢደወል ከደረጃ 5 ይጀምሩ፤ ደብዳቤው ሲደርስዎ የመዝጊያውን ወረቀት ቅጂና የቼኩን ቅጂ አያይዘው በአረንጓዴ ካርድ ይላኩ። ዋናውን ከእጅዎ አያውጡ።